ፈቺና ገጣሚ

መጀመሪያ የጠየቁት ጨርቅ ነው። ካቻቢቴ አላሉም፣ ፒንሳም አላሉም። ተለማማጁ ልጅ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ያረጀ የካናቴራ ቁራጭ መዝዞ ሰጣቸው። ጋሼ ቁራጩን በሁለት እጃቸው ወጠሩና በመስታወት ማዞሪያው እጀታና በበሩ የውስጥ ልብስ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት አስገቡት። ከዚያ ጫማ እንደሚወለውል ሊስትሮ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይስቡት ጀመር። በአራተኛው ስበት ጨርቁ አንድ ነገር ያዘ። ወዲያው አንዱን ጫፍ ለልጁ አቀብለው ግራ እጃቸውን እንደ ጽዋ ከሥር ደቀኑ። ጠቅ አለ። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሽቦ መዳፋቸው ላይ አረፈች፤ እጀታውም ያለ ትግል ወጥቶ ቀረ።

ይህችን ሽቦ አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት በሌላው በር ላይ ራሴ በካቻቢቴ ታግዬ አስፈንጥሬያት ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን ተንበርክኬ ፈልጌያታለሁ። በሩ ላይ የተውኩት ጭረት ዛሬም አለ። ጋሼ ጭረቱን አዩት፤ ማን እንደሠራው ግን አልጠየቁም።

የጋሼ ታፒሴሪያ፣ የመኪና የውስጥ ልብስ የሚሠራበት ቤት፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ነው፤ በፒያሳና በመርካቶ መካከል የሚመላለስ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ከሚልባቸው ስፍራዎች አንዱ። ድልድዩ የሚጠራው በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት፣ በ1919 እስኪሞቱ ድረስም በአገሪቱ ጉዳይ ሁሉ ቃላቸው የሚፈራው ሰው ናቸው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በረሃውን አቋርጦ ለምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው በ1900 ነው። ያኔ መኪና ማለት ከላይ ክፍት የሆነ፣ ሠረገላ መሰል ነገር ነበር፤ የሚፈታም የሚገጠምም ብዙ የውስጥ ልብስ አልነበረውም። የፊታውራሪው ቅጽል ስም አባ መላ ነው። ጋሼ ሲሠሩ ቆሜ ሳይ በዋልኩበት ቀን ይህ ስም ከአእምሮዬ አልወጣም።

መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1994 ሥሪት ኮሮላ ናት። ባለፈው ዓመት የበሯ ቁልፍ አልይዝ ብሎ አንድ ቦታ አስፈትቼው ነበር። ቁልፉ ተሠራ፤ በዚያ ቅሬታ የለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በሩ ኮብልስቶን ላይ ስወጣ ማንኪያ እንደታጨቀበት መሳቢያ ይንኳኳ ጀመር። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ እግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ረጠበ። አንዱ ከጣሪያው ነው የሚያፈሰው አለኝ። ሌላው የፊት መስታወቱ ጎማ አርጅቷል፣ ይቀየር አለ። ጋሼ ምንጣፉን ዘወር ብለውም አላዩት። በሩን ከፈቱና ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በመዳፋቸው ከላይ ወደ ታች መታ መታ እያደረጉ ወረዱ። የታችኛው ጥግ ላይ ድምፁ ተለወጠ።

«ላስቲኩን ጥለውታል» አሉ።

«የቱን ላስቲክ?»

«ቆይ፣ ታየዋለህ የኔ ልጅ። የሌለ ነገር ስለሆነ ግን አታየውም።»

የመኪና በር ከውጭ እንደምናስበው ዝግ ሣጥን አይደለም። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ከፊሉ በጎማው ከንፈር አልፎ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሠሪዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ በበሩ ግርጌ ውኃው የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። በእርጥቡ የብረት ክፍልና እኛ በክርናችን በምንደገፍበት ልብስ መካከል ያለው አጥር አንድ ቀጭን ላስቲክ ብቻ ነው። በዙሪያው ሬንጅ በመሰለ የማይደርቅ ጥቁር ማጣበቂያ ይለጠፋል። ይህ ላስቲክ ከተቀደደ ወይም «ለምን ይጠቅማል» ተብሎ ከተጣለ ውኃው ከልብሱ ጀርባ ያለውን የተጠቀጠቀ ካርቶን መሳይ ሰሌዳ ያገኛል። ሰሌዳው እንደ በሶ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈረፈራል፤ ክሊፖቹ የሚይዙባቸው ቀዳዳዎች ይሰፋሉ፤ በሩ መንኳኳት ይጀምራል። ሁለት በሽታ ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አንድ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ይህን ሁሉ አላብራሩልኝም። ከሥራቸው አፍ የነጠቅሁት ነው።

አሁን ወደ እጃቸው ልመለስ።

እጀታው ከወጣ በኋላ ብሎኖቹ ቀሩ። በር ላይ ያለ ብሎን ሁልጊዜ ይደበቃል፤ የሚደበቅበትን ቦታ ማወቅ የሙያው ፊደል ነው። አንዱ ከመክፈቻው ጀርባ ካለችው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው። ሌሎቹ በክርን ማሳረፊያው ሥር በትንሽ ክዳን ተሸፍነዋል። ክዳኗን ለማንሳት የተጠቀሙት ከአሮጌ ጃንጥላ አጥንት ጫፉን ቀጥቅጠው የሠሩትን ሽቦ ነው። ክዳኗ ጠርዝ ላይ አንዲት የጥፍር ጫፍ የማታህል ስርጉድ አለች፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ የተዋት። ሽቦው እዚያች ላይ ከገባ ክዳኗ ብድግ ትላለች። ሌላ ቦታ የገባ እንደሆነ ግን ትሰነጠቃለች። እኔ ያችን ስርጉድ ለማየት መነጽሬን ማውጣት ነበረብኝ። እሳቸው በጣታቸው ሆድ ዳሰው ነው ያገኟት።

የወጣው ብሎን ሁሉ ኪስ ውስጥም ቆርቆሮ ውስጥም አልገባም። ልጁ አንድ የካርቶን ክፋይ አምጥቶ በእስክሪብቶ የበር ሥዕል ነድፏል፤ እያንዳንዱ ብሎን ሥዕሉ ላይ ከወጣበት ቦታ ይሰካል። ሦስተኛው ብሎን ሲወጣ ጋሼ ወደ ፀሐይ አቅንተው ያዙትና ከሌሎቹ ጋር አስተያዩት። የትንሿ ጣት አንጓ ያህል ይረዝማል። «ይሄ የዚህ በር አይደለም» አሉ። ቁልፉን የሠራልኝ ሰው ትክክለኛውን ጥሎ ያገኘውን ሰክቶበት ኖሯል። ጫፉ ከመስታወቱ መውረጃ መንገድ አጠገብ ደርሶ ነበር። ልጁን ጠርተው አሳዩት፤ አልተቆጡም፣ አልተሳለቁም። ብሎኑን በካርቶኑ ላይ ሳይሰኩ ለብቻው አስቀመጡት።

ቀጥሎ ሽብልቅ ነው። ብረት አይደለም፤ ከወይራ የተጠረበ፣ ከእጅ ብዛት የተነሳ ጫፉ እንደ መቁጠሪያ የሚያበራ እንጨት ነው። ከፈረንጅ አገር የሚመጣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያም በሳጥናቸው አይቻለሁ፤ እሱን ለልጁ ሰጥተውታል። ብረት ቀለም ይገሽራል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ሲከብድበት ይጎብጣል፤ ወይራው ሁለቱንም አያደርግም ነው የሚሉት። የበሩ ልብስ በዙሪያው በፕላስቲክ ክሊፖች ብረቱ ላይ ተጠምዷል። አላዋቂ ጠርዙን ባገኘበት ይዞ ይጎትታል። ያን ጊዜ ክሊፑ ስፍራው ላይ ይቀርና ሰሌዳው ይገነጠላል። ጋሼ ሽብልቁን የሚያስገቡት ክሊፑ ካለበት ጎን ነው፤ በሁለት ክሊፖች መካከል በፍጹም አያስገቡም። ክሊፑ የት እንዳለ ከውጭ አይታይም። ሽብልቁን በጠርዙ ሥር እያንሸራተቱ ይሄዳሉ፤ እንጨቱ የሚቆምበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደ በገና ቃኚ ጆሮ ሰጥተው፣ አንጓቸውን በጥቂቱ ብቻ ያዞራሉ። ጥፍ። ደግሞ ሌላው፣ ጥፍ። ድምፁ ደረቅና አጭር ከሆነ ክሊፑ ደህና ወጥቷል። ሲጥ ካለ ቆም ይላሉ፣ ከሌላ ወገን ይሞክራሉ።

ዘጠኝ ቦታ ነበረው። አምስት ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። አራቱ ክሊፖች ባለፈው ዓመት ሲፈታ ተሰብረው ቀርተዋል።

ከዚህ በኋላ እኔ ብሆን ሳብ አድርጌ እገነጥለው ነበር። የልብሱ የላይኛው ጠርዝ ግን በመስታወቱ መውጫ ክፍተት ላይ እንደ መንጠቆ ተንጠልጥሏል፤ ወደ ላይ እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። በሁለት መዳፋቸው ሥሩን ደግፈው፣ ሕፃን ከአልጋ እንደሚያነሳ ሰው አነሱት። በተከፈተው ጎን እጃቸውን ሰድደው የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ማያያዣ አገኙት። ምላሷን ተጫኑ፣ ማያያዣውን ይዘው አላቀቁ፤ ሽቦውን አልሳቡም። ልብሱ ወጣ። ከሆዱም አንድ ባለ 25 ሳንቲምና አራት ላይ የታጠፈ የሎተሪ ትኬት ዱብ አሉ። ትኬቱን ዘርግተው ቀኑን አነበቡና «ዕድልህ ካለፈ ቆይቷል» ብለው ሰጡኝ። መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት የወጣ ዕጣ ነው፤ ዕድሉም የእኔ አልነበረም።

ቋንቋችን ለዚህ ሙያ የሰጠውን ቃል ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። መካኒክ መኪና «ይፈታል» እንላለን። ሕልምም፣ እንቆቅልሽም፣ ቅኔም፣ እስረኛም ይፈታል። ሲመልሰው ደግሞ «ይገጥማል»፤ ስንኝ የሚቋጥረውንም ገጣሚ የምንለው ከዚሁ ቃል ነው። ማፍረስ ሌላ ግስ ነው። የፈረሰ ነገር መመለሻ መንገዱ አብሮት ይጠፋል፤ የተፈታ ነገር ግን የመጣበት መንገድ በካርቶን ላይ ተነድፎ፣ በሰውዬው ጣት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በር አስፈትቼበታለሁ ያልኩት ያ «አንድ ቦታ» እውነቱን ለመናገር አፍርሶልኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ከድልድዩ ሽቅብ ያለው ብዙው የድሮ ፒያሳ በ2016 በኮሪደር ልማት ከፈረሰ በኋላ ነው። የተነሱት በሮች፣ የተነቀሉት የእንጨት በረንዳዎች በየትኛው ካርቶን ላይ ተነድፈው ይሆን ብሎ መጠየቅ የታፒሴሪያ ሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ እኔ ግን በዚያ በኩል ሳልፍ እጠይቃለሁ።

ታፒሴሪያ የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያን ነው። ካቻቢቴውም፣ ፒንሳውም፣ ብሎኑም፣ ስፖኪዮውም፣ ፍሬቻውም እንዲሁ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ሲወጣ የመሣሪያ ሳጥኑን ስም ትቶልን ሄደ። ሽብልቅ ግን የእኛ ነው። ጋሼም ከብረቶቹ ለይተው በጨርቅ ጠቅልለው የሚያስቀምጡት እሱን ነው።

ላስቲኩን ለመተካት ወፍራም ላስቲክ ከጥቅሉ ቆረጡ። በአሮጌው ማጣበቂያ አሻራ ላይ ዘርግተው በጣታቸው ተጫኑና አነሱት፤ ጥቁሩ ማጣበቂያ የበሩን ቅርጽ ላስቲኩ ላይ አትሞት ነበር። በዚያ አሻራ ቆረጡ። መለኪያ አልተጠቀሙም፤ በሩ ራሱ መለኪያ ሆነ። ሲለጥፉት አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ የታችኛውን ጫፍ ልክ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ወደ በሩ ሆድ ውስጥ አስገቡት፤ የሚወርደው ጠብታ ተመልሶ ወደ ብረቱ ክፍል እንዲገባ ነው። ይህች አንዲት እጥፋት ብትቀር ላስቲኩ ቢኖርም ምንጣፌ ይረጥባል። ማንም አያያትም። የሚያያት ሌላ ፈቺ ብቻ ነው፤ እሱም ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ።

ያበጠውን የሰሌዳ ጥግ ፈረፋውን ጠርገው፣ ማስቲሽ ቀብተው፣ ከጀርባው ቀጭን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ለጠፉበት፤ ቀዳዳዎቹንም በዚያ ላይ እንደገና በሱ። አራቱን ክሊፖች ልጁ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ አመጣ። ሁለቱን መለሱበት። ክሊፕ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አንገቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢረዝም ልብሱ ብረቱ ላይ አይተኛም፣ በጠርዙ በኩል ብርሃን ያሳያል። ልጁ ሳይናገር ተመልሶ ሄደ፤ በዚህ ጉዳይ ክርክር እንደማይጠቅም ቀድሞ የተማረ ይመስላል።

መግጠም ከመፍታት ፈጥኖ ያልቃል፤ የሚታየኝን ያህል ግን ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የላይኛውን መንጠቆ አንጠለጠሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ክሊፕ ከቀዳዳው ፊት ለፊት መድረሱን በጣት አረጋግጠው፣ በመዳፋቸው ሥጋ አንድ ጊዜ መቱት። ሁለተኛ ምት የለም። ብሎኖቹን ሲመልሱ ያየሁትን ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴም ውስጥ እሠራበታለሁ፦ ብሎኑን ወደ ማጥበቂያው ከማዞራቸው በፊት ወደ ኋላ፣ ወደ መፍቻው በኩል በቀስታ ያዞሩታል። አንድ ቦታ ላይ ጠብ ይላል። ያን ጊዜ የብሎኑ ጥርስ ድሮ የቆረጠውን መንገድ አግኝቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ ፊት ያጠብቁታል። ይህን ያልጠበቀ ሰው በፕላስቲኩ ውስጥ በየጊዜው አዲስ ጥርስ ይቆርጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብሎኑ በባዶ ይሽከረከራል። እዚህ ላይ ነው ለእኔ የሙያው ከፍታ። ስፌቱን፣ ቆዳውን፣ የሚያብረቀርቀውን ወንበር ሁሉም ያደንቃል። እኔ የማደንቀው ያችን ወደ ኋላ የምትዞር ሩብ ዙር ነው።

እሳቸውም በሚያሳዩት ሥራ ብዙም አይደሰቱም። ደጅ የቆመች አንዲት ሚኒባስ ውስጧ በቀይ ከፋይና በዘርፍ ተሞልቶ ነበር። የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የእኔ ነው» አሉ፣ «ባለቤቱ ፈልጎ ነው» ብለው ጨመሩ። በጣዕም አንስማማም ማለት ነው እንጂ ዘርፉም ቀጥ ብሎ ተሰፍቷል።

የሚያስከብራቸው ሌላም ነገር አለ፤ የማይነኩትን ያውቃሉ። በዕለቱ አንዲት ቪትዝ የጣሪያ ልብሷ ወርዶ የሾፌሯን ፀጉር ይዳብስ ነበር። ከጨርቁ ጀርባ ያለው ስፖንጅ በሙቀትና በዕድሜ ዱቄት ሆኗል፤ በዱቄት ላይ ማስቲሽ ቢቀቡ የሚጣበቀው ዱቄቱ ነው እንጂ ጨርቁ አይደለም። ስለዚህ ጣሪያው በሙሉ ወርዶ፣ አሮጌው ስፖንጅ ተፍቆ፣ በአዲስ ይለበሳል። ጣሪያውን ለማውረድ የፀሐይ መከላከያዎቹ፣ መብራቱ፣ መያዣዎቹ፣ የምሰሶዎቹ ልብስ በተራ ይወጣሉ። ጋሼ አንዱን ምሰሶ ገና ፈልቀቅ እንዳደረጉ ቢጫ የሽቦ ማያያዣ አዩና እጃቸውን መለሱ። ቢጫ የኤር ባግ ቀለም ነው። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታ። ቡና ተጠራ። ቡናው ተጠጥቶ እስኪያልቅ ማንም ያችን መኪና አልነካም፤ ኤር ባግ ባትሪው ከተፈታም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ይዞ ይቆያል።

እንዲህ ያለ ሙያ እዚህ ከተማ ውስጥ ሥራ የማያጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሌላ አገር ሠላሳ ዓመት የሞላት ኮሮላ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጥ ነበር። እዚህ ንብረት ናት። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አከበደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን መጠበቅ ግድ ሆነ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ፀሐይዋ ዳሽቦርድ ትሰነጥቃለች፣ ክረምቷ በር ታሳብጣለች፤ ፈቺና ገጣሚ በሁለቱም ወራት ይፈለጋል። የኤሌክትሪክ መኪኖቹም ቀስ በቀስ ወደ እጃቸው እየመጡ ነው። እነሱ ውስጥ ብርቱካንማ ሽቦ አለ፤ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት። «ብርቱካኑን ለተማሩት» ይላሉ ጋሼ፣ «ልብሱ ግን ያው ልብስ ነው፤ ክሊፑ ትንሽ ጠበቅ ይላል።»

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ነው። ካርቶኑ ማታ ይጣላል። ነገ ሌላ ኮሮላ ስትመጣ ሥዕሉ እንደ አዲስ ይነደፋል። ደብተር ላይ ለምን አያሰፍሩትም ብዬ ጠየቅሁ። «መኪና ሁሉ ቀድሞ በሌላ ሰው እጅ አልፎ ነው የሚመጣው» አሉኝ፤ «ደብተሩ ፋብሪካው የሠራውን ይነግርሃል፤ እኔ የምፈልገው የመጨረሻው ሰው ያደረገውን ነው።» መልሱ አሳምኖኛል ማለት አልችልም። ቢያንስ ልጁ አንዱን ካርቶን አጣጥፎ ሸሚዙ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ።

ረጅሙን ብሎን በመጨረሻ ለእኔ ሰጡኝ፤ ልክ የሆነውን ከቆርቆሯቸው መርጠው ተክተውበታል። በሩን ዘጋሁት። አልተንኳኳም።

በሚቀጥለው ሳምንት ዘነበ፤ ምንጣፉ ደረቅ ነው። እርስዎም ለቁልፍ ይሁን ለመስታወት የመኪናዎን በር የሚያስፈቱ ከሆነ ጥግ ይዘው ሻይ አይጠጡ፤ ቆመው ይዩ። ተገጥሞ ከማለቁ በፊትም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ላስቲኩ የት ገባ?